አማትባ የምትጠጣዋ እመቤት

ወሬው የደረሰኝ አየር ጤና፣ የዓለም ባንክ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። አርብ ቀን፣ ሰባት ሰዓት አለፍ ብሎ። በግራ እጄ ለነገው ክፍል የገዛኋቸውን ባለቀለም እርሳሶች ይዣለሁ፤ በቀኜ ነጠላዬን ከንፋስ እጠብቃለሁ። ስልኬ ጮኸ። ጎረቤቴ ናት። «ሃሎ» ብል መልስ የለም፤ ክዳኑን እንደሚያንቀጠቅጥ ድስት የሚንተከተክ ሳቅ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

«ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም! የንስሐ አባትሽ አዩሽ!»

«የት?»

«አውቶቡስ ላይ!»

«እኔ አየር ጤና ቆሜያለሁ። የምን አውቶቡስ?»

«የጅማው አውቶቡስ! ደም ስትጠጪ አዩሽ!»

ስልኬ ድምፅ ወደ ውጭ የሚያፈስ ስልክ ነው። ከፊቴ ሽንኩርት ያዘለች ሴት ዘወር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘችኝ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ በዚያ ሰልፍ አንድ እርምጃ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኳት፤ ደንግጬም ቢሆን ነገር አጣርቼ መስማት እወዳለሁ። «የማንን ደም?»

«የልጁን ነዋ! ለማደር የመጣውን! ያንን ‘ማዕተብህ የት አለ’ ያልሽውን!» ብላ እንደገና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ያኔ ገባኝ። ገብቶኝም ሰልፉን ለቅቄ ወጣሁ። አርብ ከሰዓት አየር ጤና ላይ ሰልፉን በፈቃዱ የሚለቅ ሰው ወይ ታሟል ወይ መርዶ ደርሶታል። ለዚህ ነው መሰለኝ፣ እዚያው ዳር ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ሳልጠይቀው ፕላስቲክ ወንበሩን በክንዱ ጠርጎ ያቀረበልኝ።

የገባኝን ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እኔ አገሬ ከቦንጋ ወዲያ ነው። አዲስ አበባ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ፤ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራለሁ፣ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በዚህ ከተማ አክስት የለኝ፣ አጎት የለኝ። ያለኝ አንድ ወንበር ነው። በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ የእንጨት ወንበር አለ። ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ምንጣፍ ላይ ለተኮለኮሉ አሥራ አራት አሥራ አምስት ልጆች የጻድቃንን ታሪክ አነባለሁ። ሳምንቱን ሙሉ «የካርድ ክፍሏ» ነኝ፤ ቅዳሜ ግን መንገድ ላይ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ቀሚሴን ይይዛል፣ እናትየዋ «የእኛ አንባቢ» ብላ ትስመኛለች። ሰው አገር ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ አይደለም። ዘመድ ማለት ነው።

ወንበሩ ግን ጠባቂ አለው። እማሆይ ናቸው። የአዳራሹ ቁልፍ ከወገባቸው አይለይም። ከእኔ በፊት ታነብ የነበረችው ልጅ አንድ ሰርግ ላይ ወገቧን አስራ እስክስታ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልክ ተዛምቶ እማሆይ ዘንድ ደረሰ። አልተቆጧትም፤ «ልጄ፣ ትከሻሽ ደክሞታል፣ ትንሽ ይረፍ» ብለው ወንበሩን አስለቀቋት። ትከሻዋ ይኸው እስከ ዛሬ እያረፈ ነው።

እንግዲህ በእስክስታ እንዲህ ከሆነ፣ በደም ምን ይሆናል?

ጎረቤቴ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ እየተረጎመች፣ ድምፅ እያስገባች፣ በፍላሽ ለአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ትሰጣለች። ስቱዲዮዋ መኝታ ቤቷ ነው። ማይኩ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ነው የተሰቀለው፤ የውጭ ጩኸት እንዳይገባ ሦስት ብርድ ልብስ ጋርዳበታለች፤ ድምፅ የሚሰጥ ሰው በኮቶቿና በቀሚሶቿ መካከል ቆሞ ያነባል። አሠራሯ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ንግግር ብቻ ለይታ ትጽፍለታለች። ሌላው ሰው ምን እንዳለው አንባቢው አያውቅም። ኋላ ሁሉንም ራሷ ትገጣጥመዋለች።

ከዚያ አርብ ሦስት ሳምንት ያህል በፊት የዋናዋን ሴት ድምፅ የምትሰጠው ልጅ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ዘይት እንዳጣ በር ሆነ። ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆመች።

«አንቺ ጻድቅ፣ አራት ገጽ አንብቢልኝ።»

«እኔ ፊልም አላይም።»

«እይ መች አልኩሽ? አንብቢ ነው ያልኩሽ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ታይፎይድ ይዞኝ በወደቅኩ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሾርባ እየሠራች በማንኪያ ያጎረሰችኝ እሷ ናት።

«የምን ፊልም ነው?»

«ጥንታዊ ነው፣ እናቶቻችን ሳይወለዱ የተሠራ። ተራራ ላይ፣ በድንጋይ ቤተ መንግሥት ለብቻዋ የምትኖር አንዲት እመቤት ናት።»

«ባለትዳር ናት?»

«ባሎቿ ሞተዋል።»

«ስንት ናቸው ባሎቿ?»

«አንቺ ደግሞ! የክሊኒክ ካርድ እያወጣሽላት ነው እንዴ? አንብቢ ዝም ብለሽ!»

ሦስት ነገር አስቀድሜ ተናገርኩ። ሥዕሉን አላይም። መሐላ አልምልም። «ሳመኝ» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። «እሺ፣ አንቺ እንደሚመችሽ አስተካክዪው» አለችኝ። ይህን ማለቷ ነው የሁሉም ነገር መነሻ።

አራቱን ገጽ ቤቴ ወስጄ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። አሁን የምጽፈውን ስታነቡ ትስቁብኛላችሁ፤ ሳቁ፣ እኔም እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ግን ፍረዱኝ። እመቤቲቱ የምትለው ይህንን ነው፤ «በዚህ ተራራ ለብቻዬ ሦስት መቶ ዓመት ኖርኩ።» እኔ አምስት መቶ ዓመት በበረሃ የኖሩ ጻድቅ ታሪክ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሦስት መቶ ምኑ ይደንቀኛል? «ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤቴ አልወጣም።» ባሕታዊት ናት ማለት ነው። «እናንተ የምትበሉትን እኔ አልበላም።» ጾመኛ። «በቤቴ መስታወት የለም።» ይህን ሳነብ በመስታወቴ አፈርኩ። «መኝታዬ የሬሳ ሣጥን ነው።» ሞታቸውን ለማሰብ መቃብራቸውን ቆፍረው እዚያው የሚተኙ አባቶች እንዳሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ተነግሮኛል። እዚህ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። ‘ይህች ሴትዮ ትልቅ ናት’ አልኩ። ‘ፈረንጅም ለካ እንዲህ ያለ ሰው አለው።’

የከበዱኝ ጥቂት ቦታዎች ነበሩ። «ከንፈርህን አቅርብልኝ» ይላል። የተርጓሚዋ ስሕተት ነው ብዬ ሰረዝኩና «ደክሞሃል ልጄ፣ አረፍ በል» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ «አንገትህን ልየው» የሚል መጣ። ይህቺኛዋ አልከበደችኝም። አንዲት ባሕታዊት የአንድን ጎረምሳ አንገት ለምን ታያለች? ግልጽ እንዲሆን ብቻ ትንሽ ጨመርኩበት፤ «አንገትህ ባዶ ነው ልጄ። ማዕተብህ የት አለ?»

በማግስቱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባሁ። ሥዕሉ እንዳይታየኝ ፊቴን ወደ ካፖርት አዙሬ፣ ቅዳሜ ለልጆቹ በማነብበት ድምፅ፣ ቀስ አድርጌ፣ እያሳሳሁ አነበብኩ። ሥራ ስጀምር ማማተብ ልማዴ ነው፤ ካርድ እንኳ ስጽፍ አማትባለሁ። በየገጹ መጀመሪያ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» እያልኩ ነበር የማነበው። ከብርድ ልብሱ ወዲያ ጎረቤቴ ድምፅዋ ጠፋ። ብርድ ልብሱ ሲንቀጠቀጥ አይቼ እያለቀሰች መሰለኝ። ‘ልቧ ተነክቷል፣ ይህች ሴት ሳትመለስ አትቀርም’ ብዬ በሆዴ ጸለይኩላት።

ጎሚስታው ወንበር ላይ ሆኜ ይህን ሁሉ በየተራ አስታወስኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤቴ ከታክሲ ዱብ አለች። ዓይኗ በሳቅ ቀልቷል።

«ቫምፓየር ናት?» አልኳት፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ናት።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው! ምን መስሎሽ ነበር?»

«ባሕታዊት።»

ጎማ ላይ ተቀመጠች። ተቀመጠች ማለት እንኳ አይቻልም፣ ወደቀች። ጎሚስታው መዶሻውን አስቀምጦ፣ «ይቅርታ እህቶቼ፣ ቫምፓየር ያላችሁት ያ ደም መጣጩን ነው?» አለ።

«መጣጯን» አለች ጎረቤቴ። «ሴት ናት። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻማ ይዛ፣ ፀጉሯን ወገቧ ላይ ለቃ በደረጃው ስትወርድ ብታያት! ጭጋጉ ከኋላዋ ይከተላታል። ወንዱ ሁሉ ጅል ሆኖ አንገቱን ይሰጣታል። ፈረንጅኛውን ስሰማ እኮ ድምፅዋ እንደ ድመት ነበር፣ ማንም አያምናትም። የዚችኛዋ ግን» ብላ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች፣ «‘ደክሞሃል ልጄ፣ አረፍ በል’ ስትል፣ እኔ ራሴ አንገቴን ልሰጣት ምንም አልቀረኝ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ታነቢ ነበር?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ነገሩ እንዴት እንደደረሳት ያኔ ነው ያስረዳችኝ። የንስሐ አባቴ በጅማ መስመር ካለ ደብር ለንግሥ ሄደው እየተመለሱ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት የጎረቤቴ ደንበኛ ነው፤ ፊልሙን የከፈተው እሱ ነው። አባ ከፊት ወንበር፣ ከስክሪኑ ሥር ተቀምጠዋል። ለምሳ ወልቂጤ ሲቆሙ ረዳቱን ጠርተው፣ «ይህች ድምፅ ልጄ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት የምታነብልን ናት» አሉት። ረዳቱ ደግሞ ሮጦ ስልክ መታ።

«ተቆጥተዋል?»

«ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ ነበር አለኝ።»

የመፋቂያ ነገር በእኔ የክሊኒክ ዕውቀት የቁጣም የሰላምም ምልክት አይደለም። ከወልቂጤ አየር ጤና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። አውቶቡሱ አሥር ሰዓት ገደማ ይገባል። አባ እማሆይን ሳያገኙ እኔ አባን ማግኘት አለብኝ። እማሆይ ከሌላ ሰው አፍ ከሰሙት ወንበሩ ያለቀለት ነው። አውቶቡሱን ልጠብቅ እዚያው ተቀመጥኩ። አርብ ስለሆነ ጎረቤቴ ያመጣችልኝን ኬክ አልበላሁም፤ «ቫምፓየሯ ጾም ላይ ናት» ብላ ለጎሚስታው ሰጠችው። እሱም በእሱ ቤት ሊያጽናናኝ፣ «ደም ግን የጾም ነው ወይስ የፍስክ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳላስበው ከልቤ አሰብኩበት፤ መልሱን ልሰጠው አፌን ስከፍት ጎረቤቴ እንደገና ጎማው ላይ ወደቀች። በዚህ ጊዜ እኔም አልቻልኩም። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ፣ ትከሻዬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። እየሳቅኩ ፈራሁ፣ እየፈራሁ ሳቅኩ።

አውቶቡሱ ገባ። ረዳቱ ገና ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ለጎረቤቴ አውራ ጣቱን አሳያት። ሰው መውረድ ጀመረ፤ ጆንያ፣ ሙዝ፣ ተኝቶ የከረመ ሕፃን። አባ በመጨረሻ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ፣ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ወረዱ። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ሰው በከፈተልኝ መንገድ ገባሁና የጋራዥ ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ተንበረከክሁ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አልኩ።

ይህችን ነበር መናገር ያልነበረብኝ።

«ውይ!» አለች ሙዝ የያዘችው ሴት። «እሷ ናት! ድምፅዋ! እሷ ናት እኮ!»

ከፊቴ የነበረ፣ ሻንጣውን የሚያወርድ ጎረምሳ፣ እውነቴን ነው የምነግራችሁ፣ በሁለት እጁ አንገቱን ያዘ። ሌላው ጓደኛውን ገፋ አድርጎ፣ «የት አለ ማዕተብህ? ንገራታ! ንገራት!» አለው። አንዲት ሴትዮ ሕፃኗን ወደ ጀርባዋ አዞረች፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግ ብላ፣ «እህቴ፣ አንዴ ‘አረፍ በል’ በይልኝ፣ ይሄ እንዲተኛልኝ» አለችኝ። ሁለት ስልክ ወደ እኔ ተቀሰረ። እኔ አሁንም ተንበርክኬያለሁ፤ ጉልበቴ በዘይት ርሷል።

አባ መስቀላቸውን አሳለሙኝና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ታክሲ ያዥልኝ።»

የታክሲው የኋላ ወንበር ላይ እኔ፣ አባና ጎረቤቴ ተቀመጥን። ጎረቤቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ጉንጯን ከውስጥ ነክሳ ይዛለች። ታክሲው ሲነሳ አባ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«ልጄ» አሉ፣ «ያቺን ሴት አይተሻታል?»

«አላየሁም አባቴ። ፊቴን ወደ ካፖርት አዙሬ ነው ያነበብኩት።»

«እኔ አይቻታለሁ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምን ላድርግ፣ ከአናቴ በላይ ተሰቅላለች። ጥርሷን ሳይ ደንግጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ብጨፍን አንቺ ነሽ። ‘ደክሞሃል ልጄ’ ትይኛለሽ። ደክሞኝም ነበር፤ ልቤ ተረጋጋ። ዓይኔን ብገልጥ ደግሞ እሷ ናት። ብጨፍን አንቺ፣ ብገልጥ እሷ። እስከ ወልቂጤ እንዲህ ስጨፍንና ስገልጥ መጣሁ።»

ጎረቤቴ ሳል የሚመስል ነገር አወጣች።

ሁሉን ነገርኳቸው። ሦስት መቶ ዓመቱን፣ መስታወቱን፣ የሬሳ ሣጥኑን። ባሕታዊት መስላኝ እንዳለቀስኩላት። አባ ጃንጥላቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ጭነው አዳመጡኝ። የሬሳ ሣጥኑ ጋ ስደርስ፣ «እሱስ ማንንም ያሳስታል» አሉ።

ከዚያ አውቶቡሱ ውስጥ የሆነውን ነገሩኝ። እመቤቲቱ ልጁን አስቀምጣ «አንገትህ ባዶ ነው ልጄ። ማዕተብህ የት አለ?» ስትል፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ወጣት ሁሉ አንገቱን ዳሰሰ አሉ። ያለው ክሩን ከሸሚዙ አውጥቶ አሳየ፤ የሌለው ኮሌታውን ቆለፈ። ከዚያ ጎንበስ አለች። ጥርሷ ታየ። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ያን ጊዜ፣ ልትነክስ ስትል፣ በእኔ ድምፅ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አለች።

ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ።

«ሦስቱን ቆርጫለሁ» አለች በፍጥነት። «የአራተኛውን ገጽ ረሳሁት። እመብርሃንን፣ ረሳሁት!» የምትምለው ስትዋሽ ነው ወይስ እውነት ስትናገር፣ በስድስት ዓመት ጉርብትና አልለየሁትም።

«እና ሰዉ ምን አለ አባቴ?»

«አሜን አለ» አሉ አባ። «አውቶቡሱ በሙሉ፣ ሹፌሩም ጭምር። እኔም ብያለሁ።»

ንስሐዬን ሰጡኝ፤ ስግደቱ ስንት እንደሆነ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቅር። «ነገ ግን» አሉ ዓለም ባንክ ስንወርድ፣ «ለእማሆይ ራስሽ ንገሪያቸው። እኔ የማውቀውን እመሰክራለሁ።»

ቅዳሜ ከክፍሉ አንድ ሰዓት ቀድሜ ሄድኩ። እማሆይ የአዳራሹን ደጃፍ እየጠረጉ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው። መጥረጊያቸውን አላቆሙም፤ «ደም» የምትለዋ ቃል ጋ ብቻ አንድ ጊዜ ቀጥ አሉና መልሰው ቀጠሉ። ስጨርስ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ማዕተብ ጠየቅሽው?»

«ጠየቅሁት፣ እማሆይ።»

«እና ባዶ አንገቱን ነከሰችው?»

«እኔ አላየሁም፣ እማሆይ። ነክሳዋለች ነው የሚሉት።»

«ዋጋው ነው» አሉ።

ተስፋ አደረግሁ። ግን ፊታቸው አልተፈታም።

ልጆቹ መምጣት ሲጀምሩ ነገሩ ይበልጥ ተደበላለቀ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል። አሥራ አምስት ልጅ የምጠብቅበት ምንጣፍ ሞልቶ፣ መስኮቱ ላይ ሰው ተንጠላጥሏል። ከዚህ ቀደም አዳራሹን ከርቀት እንኳ አይተውት የማያውቁ፣ ጢማቸው ገና የሚበቅል የጋራዥ ጎረምሶች ከኋላ ተደርድረዋል፤ አንገታቸው ላይ ገና ያልታጠበ፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጥቁር ክር። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ቀሚሴን ይዛ፣ «ዛሬም ትነክሻለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዛሬ ጾም ነው» አልኳት። ሐሰት ነው፤ ቅዳሜ ነበር። እሱንም ኋላ ተናዝዣለሁ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ አማትቤ፣ ማንበብ ጀመርኩ። «በስመ አብ» ስል ከኋላ የተደረደሩት ጎረምሶች ገና ሳልጨርስ «አሜን!» ብለው ጣሪያውን አነቃነቁት። ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ አልሳቀም። እማሆይ በሩ ላይ ቆመው ያንን ያዩ ነበር። ክፍሉ ሲያልቅ ጠሩኝ።

«የአባን ቃል ሰምቻለሁ» አሉ። «አባ ግን ያንቺ ንስሐ አባት ናቸው፤ ይሳሱልሻል። እኔ አንድ ነገር ነው ማወቅ የምፈልገው። ያ አውቶቡስ አሜን ያለው ከልቡ ነው ወይስ እየሳቀ? ከልቡ ከሆነ፣ እግዜር በቫምፓየርም አፍ ይናገራል፤ ወንበሩ ያንቺ ነው። እየሳቀ ከሆነ፣ ስሙን አቃለሽዋል፤ ድምፅሽ ትንሽ ይረፍ።»

የእሳቸውን «ይረፍ» አውቀዋለሁ።

«እስከዚያ አንብቢ» አሉኝ። «ምስክር ግን አምጪ። አባ ያልሆነ።»

እነሆ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው። ጎሚስታው ሊመሰክር ዝግጁ ነው፤ ግን እሱ አውቶቡሱ ውስጥ አልነበረም፣ ኬክ ነው የበላው። ረዳቱ «ሁሉም ከልቡ ነው ያለው» ይላል፤ ነገር ግን ይህን ሲል ራሱ ይስቃል። ጎረቤቴ ደግሞ «እኔን አታስጠሪኝ፣ እማሆይ ፊት ስቆም ያመኛል» ትላለች። እኔም አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ አራት ገጽ አንብቤ ፊቴን ወደ ካፖርት ያዞርኩ ሴት ነኝ።

ስለዚህ በዚያ አርብ ከጅማ ተነስታችሁ አየር ጤና የወረዳችሁ፣ ሙዝ የያዝሽው እህቴ፣ ሕፃኑን ያዞርሽው እናት፣ አንገትህን በሁለት እጅህ የያዝከው ወንድሜ፤ እመቤቲቱ አማትባ ጎንበስ ስትል ምን እንደተሰማችሁ አስታውሱልኝ። ከልባችሁ ከነበረ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በሉና ለእማሆይ ንገሯቸው። ስቃችሁም ከሆነ ኑ፤ ለእኔ ብላችሁ እንዳትዋሹ፣ እውነቱን ንገሯቸው። እየሳቃችሁም ከልባችሁ አሜን ያላችሁ ካላችሁ፣ እየፈራሁ እንደሳቅኩት እንደ እኔ ማለት ነው፣ ያንንም ንገሯቸው፤ ምናልባት እማሆይ ለእሱም ቦታ ይኖራቸው ይሆናል። በሩ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ከመናገራችሁ በፊት አንገታችሁን ነው የሚያዩት።